«ምን ታደርጋለህ?»፦ ዝም ያለ ልጅን ወደ ጨዋታ የሚያስገቡ ጥያቄዎች



እኔ በምሠራበት በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ በሳልና በትኩሳት መሀል ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄ አያወራኝም።» ቅሬታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ወላጅ የሚነግረኝ ገና አፉን ስላልፈታ የ2 ዓመት ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ ስለ 13 ዓመት ልጁ ነው። «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ሲባል «ደህና»፣ «ምን ሆነሃል?» ሲባል «ምንም» ብሎ ወደ ስልኩ ስለሚመለሰው።

የመጀመሪያው ምርመራ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ። ለሁለቱም ግን ፋርማሲ የማይሸጥ፣ ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳን የሚሠራ አንድ ነገር ላካፍላችሁ፦ በጥያቄ የሚመራ የተረት ጨዋታ።

📌 ጨዋታው ምንድን ነው?

በውጭው ዓለም ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በጣም የታወቀው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ፈጥረውት በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ፈዋሽ ሆነው ወደ ታሪኩ ይገባሉ። ተራኪው «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ይሰማል። ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቹ ይመልሳል። መሳካቱ አጠራጣሪ ከሆነ ዳይስ ይጣላል። ታሪኩም በመልሱ መሠረት ይቀጥላል። ስክሪን አያስፈልገውም። ሁሉም ነገር የሚፈጠረው በጥያቄና በመልስ ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንቆቅልህን አስታውሱ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ተባብለን ጥያቄው ይመጣል። ተጠያቂው ካላወቀው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይባላል። ከዚያ ጠያቂው ጎንደር ገብቶ ጌታ ይሆናል፤ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ የተሸነፈው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ እንዴት እንዳየው እያሳመረ ይተርካል። ልጆች በአፋቸው ብቻ አገር ሠርተው ይኖሩበታል ማለት ነው። ተረትም ቢሆን ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ዝም ብሎ አይቀጥልም፤ አድማጩ «የላም በረት» እስኪለው ይጠብቃል።

ብዙዎቻችን አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተርቱልን ነው ያደግነው። በጣም የምንወዳቸው ተራኪ ነበሩ። ቴሌቪዥን ግን ሳሎን የተቀመጠው ልጅ የሚመልሰውን አይሰማም። እናንተ ትሰማላችሁ። የቤቱ ተራኪ ትልቁ ጉልበት ይሄ ነው።

📌 ሐኪም ስለ ጨዋታ ለምን ይጽፋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው። መመሪያው «ስልኩን ቀሙ» ብሎ ብቻ አላቆመም። ልጁ በሚቀመጥበት ሰዓት ከአሳዳጊው ጋር ማንበብንና ተረት መጫወትን ይመክራል።

ታዲያ ተረት መንገር ብቻ ይበቃል? እዚህ ላይ በ1988 እ.ኤ.አ. ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት ይጠቅመናል። ዕድሜያቸው 2 ዓመት አካባቢ የሆኑ ልጆች ለ1 ወር የሥዕል መጽሐፍ ተነበበላቸው። ግማሾቹ ወላጆች እንደ ልማዳቸው አነበቡ። ግማሾቹ ግን እያነበቡ ክፍት ጥያቄ እንዲጠይቁና ልጁ የመለሰውን ትንሽ አስፍተው እንዲመልሱለት ሠለጠኑ። ከወሩ በኋላ ጥያቄ የተጠየቁት ልጆች በንግግር ፈተና ከሌሎቹ በወራት ቀድመው ተገኙ። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ልጆች ላይ ነው፤ ስለዚህ ተአምር ነው አልላችሁም። ግን ሁለቱም ቡድን መጽሐፍ ነበራቸው። የለያቸው አጠያየቁ ነው።

📌 መልሱ ያለው ማን ጋ ነው?

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፤ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይሄን ያዙልኝ።

ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መልሱ ጠያቂው ጋ ያለ ጥያቄ ነው። «ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ? አንበሳው የበላው ማንን ነበር?» ልጁ ወይ ያገኘዋል ወይ ይሳሳታል። ይሄ ፈተና ነው። ፈተና የራሱ ቦታ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲፈተን ውሎ ለመጣ ልጅ ግን ማታም ሌላ ፈተና ማለት ነው።

ሁለተኛው መልሱ ልጁ ጋ ብቻ ያለ ጥያቄ ነው። «አንበሳው ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የሚፈራው ነገር ምንድን ነው?» ይሄን እናንተም አታውቁትም። ልጁ እስኪናገር ድረስ መልሱ የለም። እሱ ሲናገር ነው የሚፈጠረው። ልጅ ከተፈታኝነት ወደ ተጫዋችነት የሚሸጋገረው እዚች ላይ ነው።

እኔ በሥራዬም እጠቀምበታለሁ። የ4 ዓመት ልጅ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ስትባል እናቷ ጉያ ውስጥ ትደበቃለች። «አሻንጉሊቷን የት ጋ ነው የሚያማት?» ስትባል ግን ብዙ ጊዜ ሆዱን በጣቷ ታሳያለች። አሻንጉሊቷ የት እንደሚያማት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ!

📌 ጥሩ መሪ ጥያቄ ምን ይመስላል?

1. አንድ ነገር አስይዞ ይጠይቃል። «ምን ትፈልጋለህ?» በጣም ሰፊ ነው፤ ልጁ ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። «ቦርሳህ ውስጥ ለማንም የማታሳየው አንድ ዕቃ አለ፤ ምንድን ነው?» ግን ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለልጁ ይተዋል።

2. ስሜት ሕዋሳትን ይጠራል። ምን ይሸታል? ምን ድምፅ ይሰማል? እጅህን ስትዘረጋ ምን ነካህ? ትንንሽ ልጆች ለዚህ መልስ አያጡም።

3. ዝምድና ይፈጥራል። «በር ላይ የቆመውን ሽማግሌ ከየት ታውቃቸዋለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሽማግሌው ባዳ መሆናቸው ቀረ፤ አሁን የልጁ ጉዳይ ናቸው።

4. ምርጫው ዋጋ ያስከፍላል። «ጥሩ ልጅ ትሆናለህ ወይስ መጥፎ?» ምርጫ አይደለም፤ ስብከት ነው። ሁለቱም መንገድ የሚያጓጓ፣ ሁለቱም የሚያሳጣ ነገር ሲኖረው ልጁ ያስባል።

5. በ«ምን ታደርጋለህ?» ያበቃል። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ልጁ እያሰበ ሳለ ሌላ ጥያቄ መደረብ ያሰበውን ይበትንበታል።

6. መልሱ ታሪኩን ይለውጣል። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ የመለሰው ነገር ከ5 ደቂቃ በኋላ ታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ካልመጣ፣ ጥያቄው ለይስሙላ ነበር። ልጆች ይሄን ቶሎ ይነቁበታል።

📌 በተግባር እንየው

ተጫዋቾቹ የ10 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት እህቱ ናቸው እንበል። ተራኪዋ እናታቸው። ከዳይስ ይልቅ የ1 ብር ሳንቲም ይዛለች።

እናት፦ «የበዓል ዋዜማ ነው። ከ18 ማዞሪያ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍራችኋል። ዝናብ ይዘንባል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ከወንበራችሁ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ምን ድምፅ ሰማሽ?»

ልጅት፦ «ዶሮ!»

እናት፦ «ዶሮ ናት። እግሯ በገመድ ታስሯል። አንተ ደግሞ ማን ጥሏት እንደወረደ አይተሃል። ማን ናቸው?»

ልጅ፦ «አንዲት ትልቅ ሴትዮ። ብዙ ፌስታል ይዘው ነበር።»

እናት፦ «እሺ። ሴትዮዋ ለበዓል ብለው ነው የገዟት፤ ሌላ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። ዶሮዋ ደግሞ እግርሽ ሥር ገብታ እየተንቀጠቀጠች ነው። ረዳቱ ‹የማን ናት? ካልሆነ እኔ እወስዳታለሁ!› እያለ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

ልጅት፦ «እደብቃታለሁ! እንዳይበሏት!»

ልጅ፦ «ሴትዮዋስ ምን ይበላሉ?»

አያችሁ? እናትየዋ ስለ ርኅራኄም፣ ስለ ሐቀኝነትም አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጆቹ ግን አሁን እየተከራከሩ ነው፤ ክርክሩም እውነተኛ ነው። ልጅት «በሹራቤ እሸፍናታለሁ» ካለች ሳንቲም ይወረወራል፦ ዘውድ ወይስ ጎፈር? አንበሳው ከመጣ ረዳቱ አላየም። ካልመጣ ዶሮዋ ጮኸች፤ ጨዋታው ግን አላለቀም። «ረዳቱ ዞር ብሎ አየሽ። ምን ትይዋለሽ?» ብሎ ይቀጥላል።

ጠቅላላው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እንዲያውም ልጆቹ «ቀጥይ!» እያሉ ማቆም ጥሩ ነው። ነገ ማታ እነሱ ራሳቸው ይጠሯችኋል።

📌 ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

👉 «አላውቅም» ካለ፦ ጥያቄው ሰፍቶበት ይሆናል፤ አጥብቡት። «ጫጫታው ከፊት ነው ከኋላ?» ሁለት ምርጫ ስጡትና ሦስተኛውን እሱ እንዲያመጣ በሩን ክፍት ተዉለት፤ «ወይስ ሌላ ነገር ነው?»

👉 አንዱ ብቻ ካወራ፦ ዝምተኛውን «አንተስ?» አትበሉት፤ ጭንቀት ነው የሚጨምርበት። ይልቅ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ስጡት። «ሾፌሩ የአንተ አጎት ነው። ሲናደድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሁን ትልቁ ልጅ ራሱ ዞሮ ይጠይቀዋል።

👉 መልሱ ጦርነትና ደም ብቻ ከሆነ፦ አትደንግጡ፣ አትቆጡም። የሚያስከትለውን አሳዩት። «እሺ፣ መታኸው። ወደቀ። ልጁ ከኋላው ቆማ አየችህ። ምን አለችህ?»

👉 ልጁ መልሱን ሲናገር ከተንተባተበ ወይም ቃሉን ካጠፋው፦ አታቋርጡት። «ዶዮ ሄደ» ካለ «አዎ፣ ዶሮዋ ሄደች! ወዴት ሄደች?» በሉት። ትክክለኛውን ሰማ፣ አልተዋረደም፣ ጨዋታውም አልቆመም።

👉 ድካም፦ ከሥራ ስትወጡ የታክሲ ሰልፍ እንዳለ አውቃለሁ። በየቀኑ አይደለም የምላችሁ። በሳምንት 2 ማታ ይበቃል። ልብስ እያጠባችሁ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ታክሲ እየጠበቃችሁ አንድ ጥያቄ መጠየቅም ጨዋታ ነው።

📌 ለጎረምሳ ልጅ እንዴት ይሆናል?

የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ቃል አጥቶ አይደለም። ጥያቄያችን ሁሉ ወደ ፍርድ ስለሚያመራ ነው። «የት ነበርክ? ከማን ጋር? ስንት አገኘህ?» የጣቢያ ምርመራ ይመስላል። ጨዋታው ለእሱ መጠለያ ይሆነዋል፤ በገጸ ባሕርዩ አፍ መናገር በራስ አፍ ከመናገር ይቀላል።

ተራኪነቱን ለእሱ ስጡትና እናንተ ተጫዋች ሁኑ፤ ብዙ ጎረምሶች ይሄን ይወዱታል። እናንተ ተራኪ ከሆናችሁ ደግሞ ስለ ገጸ ባሕርዩ ጠይቁ። «ይሄ ልጅ ሰው ሁሉ እንዲያስብለት የሚፈልገው ምንድን ነው? እውነቱስ? ችግር ቢገጥመው መጀመሪያ ማን ጋ ይሄዳል?»

ሦስት ሕጎች አሉ፦

👉 «ይሄ አንተ ነህ አይደል?» አትበሉ። በፍጹም። እንዲህ ካላችሁት በሩ ይዘጋል፤ ለሁለተኛ ጊዜም አይከፈትላችሁም።

👉 ማንም ሰው «ይለፈኝ» ማለት ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም፤ ታሪኩ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

👉 በጨዋታ የሰማችሁትን በማግስቱ ለተግሣጽ አትጠቀሙበት፤ ለጎረቤትም አታውሩት።

አንዳንዴ ግን ከጨዋታ በላይ የሆነ ነገር ሊወጣ ይችላል። ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት፣ መሞት ስለ መፈለግ፣ ወይም አንድ ሰው ሰውነቱን ስለ መንካቱ በራሱ ስም ከተናገረ ጨዋታውን በእርጋታ አቁሙ። አትጩኹ፣ አታጣድፉት፣ «ለምን እስካሁን ደበቅክ?» አትበሉት። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ብቻህን አልተውህም» በሉት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ እርዳታ ለማግኘት መናገር ይኖርባችኋልና። ስለ ሞት እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም የሚሰማው ሰው እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ እስከዚያው ብቻውን አትተዉት። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ጤና የተቋቋመ ነው።

📌 ጨዋታ የማይተካው ምርመራ

መጀመሪያ ወዳነሳሁት አፉን ወዳልፈታው ሕፃን ልመለስ። ጥያቄና ተረት ይጠቅሙታል፤ ግን የሚከተሉት ካሉ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲህ ነበር» እያላችሁ አትጠብቁ፦

✅ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር
✅ በ16 ወሩ አንድም ትርጉም ያለው ቃል የማይናገር
✅ በ2 ዓመቱ እንደ «ውሃ ስጪኝ» ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር
✅ በማንኛውም ዕድሜ ይናገረው የነበረውን ያቆመ

እንዲህ ያለ ልጅ የሕፃናት ሐኪም ያስፈልገዋል። ከሁሉ በፊት ጆሮው መታየት አለበት፤ የማይሰማ ልጅ ጥያቄያችሁ እንዴት ይደርሰዋል? ለ18 ማዞሪያ ነዋሪዎች ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችላላችሁ። ችግሩ ቶሎ ሲታወቅ እርዳታውም ቶሎ ይጀመራል።

📌 ለዛሬ ማታ

ሁሉንም በአንዴ አትሞክሩ። ለዛሬ 3 ጥያቄ ብቻ፦

«ከቤት ስትወጣ መንገዱ ላይ አንድ የወደቀ ነገር አገኘህ። ምንድን ነው?»
«ማን ጥሎት ነው የሚመስልህ?»
«ሰውዬው ከሩቅ ተመልሶ ሲመጣ አየኸው። ምን ታደርጋለህ?»

ከዚያ ስልካችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ጠብቁ። መልሱ እሱ ጋ ነው ያለው።

ልጆቻችሁ ምን ብለው እንደመለሱላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ይጠቅመዋል ለምትሉት ወላጅም ሼር አድርጉለት።